ከውጭ ገዢ ጋር የማንግባባው የት ላይ ነው?

ጎንደር ላይ ሰሊጥ የሚነግድ ሰው ስለ ጥራት ማውራት ከጀመረ የሚያቆመው የለም። ከጆንያው ዘገን አድርጎ ንጽህናውን ይነግርሃል። ቀለሙን አይቶ ከየት እንደመጣ ይገምታል። ዋጋውንማ ከእንቅልፉ ብትቀሰቅሰው ይነግርሃል። ለውጭ ገዢ የሚላከውን ኢሜይል የሚጽፍለት ግን ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ የእህት ልጅ። ሽያጩ የሚበላሸውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ጋ ነው። ሰሊጡ ምንም አልሆነም፤ ደብዳቤው ነው ያልደረሰው።

ጉዳዩን አሁን ማንሳት ያስፈለገው በምክንያት ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ብቻ ተከልሎ የቆየውን የቅባት እህል፣ የጥራጥሬና የጥሬ ቡና ወጪ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ከፈተ። መስፈርት አለው፣ ግን በሩ ተከፍቷል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። እስከ ትናንት የውጭ ሰው ማለት ከባህር ማዶ ሆኖ ኢሜይል የሚጽፍ ገዢ ነበር። ከእንግዲህ ጎረቤት መጋዘን የሚከራይ ተፎካካሪ ወይም ሸሪክ ሊሆን ይችላል።

ለመሆኑ «ባህል» ሲባል ምን ማለት ነው?

«የባህል ልዩነት» ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ምግብና ሰላምታ ነው። ጃፓኖች ጎንበስ ይላሉ፣ ፈረንጅ ጥሬ ሥጋ ይፈራል፣ ዓረብ በግራ እጅ ሲሰጡት ደስ አይለውም። እነዚህን ማወቅ አይከፋም። ግን ጎንበስ ባለማለት የፈረሰ ውል እምብዛም አይገኝም። እንግዳ ሰው ሥርዓት ቢስት የትም አገር ይታለፋል።

የሚያጣላው የማይታየው ነው። ሰው ዝም ሲል ምን ማለቱ ነው? «እናያለን» ተስፋ ነው ወይስ ስንብት? «አልችልም» ብሎ ፊት ለፊት መናገር ሐቀኝነት ነው ወይስ ብልግና? አለቃ በተቀመጠበት የበታቹ ሐሳብ ይሰጣል? ውል ሲፈረም ነገሩ አለቀ ወይስ ተጀመረ? እነዚህን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም። እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ሌላው ሰው በሌላ መንገድ ሲያደርጋቸው «ልማዱ ነው» ብለን አናልፍም። «ሰውየው አጭበርባሪ ነው»፣ «ትዕቢተኛ ነው» እንላለን። እሱም ስለ እኛ እንደዚያው ይላል።

ኤድዋርድ ሆል የሚባል አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የአገሩን ዲፕሎማቶች ወደ ውጭ ከመሄዳቸው በፊት ያሠለጥን ነበር። በ1976 ያሳተመው አንድ ሐሳብ እስከ ዛሬ የዚህ ጉዳይ መነሻ ሆኖ ይጠቀሳል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንዳንድ ቦታ መልእክቱ ያለው ቃሉ ላይ ነው፤ የተባለው የተባለ ነው፣ ያልተባለው አልተባለም። ሌላ ቦታ ደግሞ ቃሉ የመልእክቱ ከፊል ብቻ ነው። ማን ተናገረው፣ የት፣ ማን ባለበት፣ በምን ድምፅ፣ ምንስ ሳይናገር ቀረ የሚለውን ሰሚው ራሱ ይሞላል። በሆል አመዳደብ ጀርመንና ሰሜን አሜሪካ ወደ መጀመሪያው ያደላሉ። ጃፓን፣ ቻይናና ዓረቡ ዓለም ወደ ሁለተኛው።

እኛስ? ቅኔ የሚዘረፍበት፣ አዝማሪ ፊት ለፊት ያሞገሰውን ሰው በዚያው ስንኝ ሸንቆጥ የሚያደርግበት አገር የትኛው ጋ እንደሚመደብ መጠየቅም አያስፈልግም።

እምቢታችን ስንት ደረጃ አለው?

ጎንደር ውስጥ ሰው ቤት የገባ እንግዳ «ቅረብ» ሲባል «ኧረ በልቻለሁ» ይላል። ቢርበውም ይላል። ባለቤቷ «በሞቴ!» ትላለች። «እውነቴን ነው፣ አሁን ነው የበላሁት።» «አፈር ስሆን፣ ትንሽ ቅመስ!» ይኼኔ እጁን ይታጠባል። ማንም አልዋሸም። የመጀመሪያው እምቢታ ጨዋነት ነው። የባለቤቷ ልመናም ማክበር ነው። ሁለቱም ሥርዓቱን ያውቁታል።

ይኼው ሰው ለሥልጠና ሙኒክ ሄዶ ቤት ይጋበዝ። «ልጨምርልህ?» «አይ፣ ይበቃኛል።» ሳህኑ ይነሳል። በቃ! ጀርመናዊቷ ስስታም ሆና አይደለም። እምቢ ያለን ሰው መጎትጎት እሷ ጋ ቃሉን አለማመን ነው።

ነገሩ የምግብ ብቻ ቢሆን ተስቆ ይታለፍ ነበር። ግን ያው ልማድ ዋጋ ላይም ይከተለናል። እኛ ጋ መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ መነሻ ነው። ገዢው «ኧረ ውድ ነው» ይላል፣ ሊሄድ ይነሳል፣ ሻጩ «ና እስቲ፣ ስንት ትላለህ?» ይለዋል። በተጠራለት ዋጋ ዝም ብሎ የከፈለ ሰው ሻጩን ራሱን ቅር ያሰኘዋል፤ «ምነው ጨምሬ በጠራሁበት» ያስብለዋል። በዚህ ያደገ ሻጭ ለስዊድን ገዢ ዋጋ ሲልክ ለክርክር የሚሆን ትርፍ ጨምሮበት ይልካል። ገዢው ግን ከአምስት አገር የመጣለትን ዋጋ ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ውዶቹን ሰርዟል። እኛ «ትንሽ ቀንሱ» የሚል መልእክት እንጠብቃለን። አይመጣም። ለእሱ የላክነው ዋጋ የመጨረሻው ቃላችን ነበር።

ተቃራኒውም አለ። ከጃፓን ገዢ ጋር በቪዲዮ ትነጋገራለህ እንበል። ዋጋ ትጠራለህ። ከዚያ ማዶ ጸጥ። አምስት ሰከንድ። አሥር ሰከንድ። እኛ ጋ ዋጋ ተጠርቶ ዝም ከተባለ ቅሬታ ነው። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀን «ለእናንተ ግን መቀነስ እንችላለን» እንላለን። ሰውየው ግን እያሰበ ነበር። እሱ ባደገበት ሥርዓት ለከባድ ጥያቄ ቶሎ መመለስ አለማሰብ ሊያስመስል ይችላል። በዝምታ ፍርሃት ብቻ በየዓመቱ ስንት ዶላር ከኪሳችን እንደሚወጣ ያሰላው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢሰላ ግን የሚያስደነግጥ ይሆናል።

ያ ኢሜይል ለምን መልስ አጣ?

አንድ ልውውጥ ቀረብ ብለን እንይ። ሰዎቹን እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው፤ ነገሩ ግን እዚህ ከተማ ብዙ ቢሮ ውስጥ የሚታወቅ ነው። አምስተርዳም ያለ ገዢ አንድ ኮንቴነር ፈልጓል። እንዲህ ይጽፋል፦

«19 ቶን፣ ንጽህናው 99 በመቶ። ፌብሯሪ 15 ጂቡቲ ላይ መርከብ መጫን ትችላላችሁ? እስከ ዓርብ አረጋግጡልን።»

ፒያሳ አካባቢ ባለ ቢሮ ውስጥ ልጁ ለነጋዴው እያነበበ ይተረጉማል።

«ጋሼ፣ ለፌብሯሪ 15 ይደርሳል ወይ ነው የሚለው።»

«ስንት ቀን አለን?»

«ሃያ ሦስት።»

«እህሉስ መጋዘን አለ። መኪናው ነው የማይታወቀው። እንልካለን፣ አታስብ በለው።»

«ይደርሳል ብዬ ላረጋግጥለት?»

«እንዴት አድርገህ! እንሞክራለን በለው እንጂ።»

«ካልሆነ አንችልም ልበለው፣ ጋሼ?»

«ኧረ እሱማ ነውር ነው። ይቀየመናል።»

ልጁ ይጽፋል፦ «ለተከበሩ ደንበኛችን። እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንዳላችሁ ተስፋ እናደርጋለን። ድርጅታችን ከእርስዎ ጋር ለረጅም ዘመን በወንድማማችነት ለመሥራት ጽኑ ፍላጎት አለው። ስለ ጭነቱ ምንም አያስቡ። በእግዚአብሔር ፈቃድ የተቻለንን ሁሉ እናደርጋለን።»

ለእኛ ይህ ደብዳቤ ሙሉ ነው። አክብሮት አለው። ውሸት የለበትም። «መኪና አላገኘንም» የሚለውም ውስጡ አለ፣ ማንበብ ለሚያውቅ። «የተቻለንን ሁሉ» ከተባለ አንድ ያልተቻለ ነገር አለ ማለት ነው፤ ይህን ጎንደር ያለ ማንም ሰው ይገባዋል።

አምስተርዳም ያለው ሰው ግን ኢሜይሉን የከፈተው ሁለት ነገር ፈልጎ ነው፦ ቀን፣ እና «አዎ» ወይም «አይ»። ሁለቱም የሉም። እሱም በተራው ለዳቦ ፋብሪካ ቃል ገብቷል። ዓርብ ሲያልፍ ከሌላ አገር ይገዛል። ተቀይሞ አይደለም፤ መልስ ስላላገኘ ነው። ጋሼ የፈሩት መቀየም ጭራሽ አልነበረም።

ያው እውነት እንዲህ ሆኖ ሊሄድ ይችል ነበር፦ «19 ቶኑ ጎንደር መጋዘናችን ውስጥ ተበጥሮ ዝግጁ ነው። መኪና ገና ስላልያዝን ፌብሯሪ 15ን ማረጋገጥ አንችልም። ፌብሯሪ 25ን እናረጋግጣለን። መኪናው በተጫነ ዕለት እንጽፍላችኋለን።»

«አንችልም» የሚለው ቃል ነጋዴያችንን ይከብደዋል። ገዢውን ግን ያሳርፈዋል። 25ን ይዞ የራሱን ሥራ ያስተካክላል፣ ወይም ፋብሪካውን ያስታግሳል። ሰላምታው ይቅር ማለትም አይደለም፤ አንድ መስመር ይበቃል። ደብዳቤው የሚሄደው ኢስታንቡል ወይም ሪያድ ላለ ደንበኛ ከሆነ ግን ሰላምታውን አታሳጥር። እዚያ ጤና ሳይጠይቁ ስለ ቶን መጀመር ችኩል ያሰኛል።

ከዚያ ማዶ የሚወስነው ማነው?

ሌላው የሚያናድደን መዘግየት ነው። ናሙና ተልኳል፣ በዋጋው ተስማምቷል፣ ሰውየው ራሱ መጥቶ መጋዘን አይቷል፣ ፋሲል ግንብ ፊት ለፊት ፎቶ ተነስቷል። ከዚያ ሳምንታት ዝም። «ሐሳቡን ቀየረ» ይባላል።

ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። ሽማግሌዎች ቤት ገብተው ነገራቸውን ሲጨርሱ የልጅቷ አባት ልቡ ቢወድም በዚያው ቀን «ሰጥቻለሁ» አይልም። «መክረን እንነግራችኋለን» ብሎ ቀጠሮ ይሰጣል። እናት አለች፣ አጎት አለ፣ ዘር ይቆጠራል። ቀጠሮው ሲደርስ ነገሩ ውስጥ ለውስጥ አልቋል፤ የሚቀረው ሥርዓቱን መፈጸም ነው። ብዙ የጃፓን ድርጅቶች የሚወስኑት በዚህ መንገድ ነው። ሐሳቡ በወረቀት ሆኖ ከክፍል ክፍል ይዞራል። እያንዳንዱ ኃላፊ አይቶ ማኅተሙን ያሳርፋል። ስብሰባ ላይ የሚቀርበው ያለቀ ነገር ነው። ጎንደር የመጣው ሰው የሰማውን ይዞ ሄዶ ያማክራል እንጂ እዚህ ቆሞ አይወስንም። ስለዚህ ይዘገያሉ። ከወሰኑ በኋላ ግን ይፈጥናሉ፤ መሀል ላይ ተነስቶ የሚቃወም ሰው አይቀርማ።

የአሜሪካ ድርጅት ጋ የመጣው ሰው ሥልጣኑ ካለው እዚያው ሊወስን ይችላል። አዲስ ነገር ከሰማም በሳምንቱ ሊቀይረው ይችላል። እኛ ጋ ደግሞ ሠራተኛው ሁሉንም ያውቃል፣ ግን ባለቤቱ ሳይመጡ ምንም አይባልም። የውጭ ሰው ይህን አያውቅም። ከልጁ ጋር ወራት ይጻጻፋል፣ የሚወስነው እሱ መስሎት። አንድ መስመር ብትጻፍ ይህ ሁሉ ይቀራል፦ «ዋጋና ቀን የሚወስኑት የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ እኔ በሁለት ቀን ውስጥ አስወስኜ እመልስላችኋለሁ።» ከዚያ ወገንም ያንኑ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ኼርት ሆፍስቴድ የሚባል የኔዘርላንድ ተመራማሪ ይህን «የሥልጣን ርቀት» ይለዋል። በአለቃና በበታች መካከል ያለውን ልዩነት ሰዎች ምን ያህል እንደ ተገቢ ነገር ይቀበሉታል ማለት ነው። ርቀቱ በሰፋበት ቦታ መጥፎ ወሬ ወደ ላይ አይወጣም። ማበጠሪያው ማሽን ተበላሽቶ ንጽህናው 97 ቢሆን መጀመሪያ የሚያውቀው የቀን ሠራተኛው ነው። እሱ ለተቆጣጣሪው አይናገርም፣ ተቆጣጣሪው ለባለቤቱ አይናገርም። መጨረሻ ላይ የሚያውቀው ገዢው ነው፣ ሮተርዳም ላይ ኮንቴነሩን ከፍቶ።

ስንት ሰዓት? በማን ሰዓት?

«ጠዋት 3 ሰዓት» ብለን ፈረንጅ ያስጠበቅነው ታሪክ አስጎብኚዎቻችን ሲያወሩት ያደርሳሉ፤ አልደግመውም። ቀኑ ግን ከሰዓቱ የባሰ ነው። 05/06 ተብሎ የተጻፈ ቀን ለአሜሪካዊ ሜይ 6 ነው፣ ለእንግሊዛዊ ጁን 5፣ ለእኛ ደግሞ ጥር 6 ወይም የካቲት 5 ሊሆን ይችላል። መፍትሔው የወሩን ስም በፊደል መጻፍ ነው። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደግሞ ለራሳችንም ቢሮ ይጠቅማል።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። ቶኪዮ በስድስት ሰዓት ትቀድመናለች። የእኛ አቆጣጠርም ከዓለም አቀፉ በስድስት ሰዓት ይለያል። ስለዚህ ጎንደር ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ቶኪዮ ውስጥ የግድግዳው ሰዓት ቆጣሪም 3 ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ 3። ከጃፓን ጋር የሚሠራ ሰው ሒሳብ መሥራት አያስፈልገውም፤ ያው የራሱን ሰዓት አይቶ ይደውል። ጃፓን በበጋ ሰዓቷን ስለማትቀይር ይህ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል። አውሮፓ ጋ ግን አይሞከርም፤ እነሱ በማርች እና በኦክቶበር መጨረሻ ሰዓት ያዛውራሉ።

በዓሉም እንዲሁ ነው። ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ቢሮ ክፍት አግኝቶ የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ። ይህን ገዢው ከወዲሁ ሊያውቀው ይገባል። የቻይና አዲስ ዓመት ደግሞ ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሯሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ፋብሪካው፣ ጉምሩኩ፣ መኪናው ሁሉ ይቀዘቅዛል። ሁለቱ በዓላት ሰሊጥ ወደ ውጭ በሚጓዝበት ወቅት ላይ ነው የሚያርፉት። ሳዑዲ የሚዘጋው ዓርብና ቅዳሜ ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቅዳሜና እሑድን ይዛለች፣ ዓርብ ግማሽ ቀን ትሠራለች። እስራኤል ዓርብ ከሰዓት ከዘጋች እሑድ ነው የምትከፍተው።

ሁሉ ነገር ባህል ነው እንዴ?

አይደለም። እንዲያውም የዚህ ርዕስ ትልቁ ችግር ሰው አንዴ ከለመደው ሁሉንም በባህል መተርጎሙ ነው።

የጃፓን ገዢ ለምን ይጠረጥረናል? እርሻው ላይ ምን መድኃኒት ተረጨ፣ መጋዘኑ ውስጥ ምን ነበረ፣ ጆንያው ከየት መጣ እያለ ይጠይቃል። «አያምኑንም» ይባላል። ግን ጃፓን ከሜይ 2006 ጀምሮ የምትሠራበት የምግብ ሕግ አለ። የተለየ መጠን ያልተወሰነለት ፀረ ተባይ ምግብ ላይ ከተገኘ የሚፈቀደው 0.01 ፒፒኤም ብቻ ነው፤ በኪሎ አንድ መቶኛ ሚሊ ግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኝቶ ወደዚያ የሚሄደው ቡና በእጅጉ ቀንሶ ነበር። ጥያቄው የመጣው ከሕግ ነው። ጠያቂው ሰውዬ በልቡ ወዶህም ሊሆን ይችላል።

ቻይናዊው ደንበኛ ዋትስአፕ ላይ ለምን ዝም አለ? ዋትስአፕ ቻይና ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ዝግ ስለሆነ ነው። እሱ ያለው ዊቻት ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ማርና ጥበብ ጋቢ ሲሰጡት ለምን ሳይቀበል ቀረ? እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣችው የጉቦ ሕግ የግል ድርጅቶችን ንግድም ይመለከታል። ብዙ ኩባንያዎች ከዚህ የተነሳ ሠራተኞቻቸው ከአነስተኛ መጠን በላይ ስጦታ እንዳይቀበሉ ይከለክላሉ። የናቀን መስሎን ጋቢውን ሻንጣው ውስጥ ብንከትበት ሰውየውን ችግር ውስጥ ነው የምንከተው።

የባንክ ወረቀት ላይም ያው ነው። ክፍያው በኤል ሲ፣ ማለትም ባንክ ሰነድ አይቶ እከፍላለሁ ብሎ ቃል በሚገባበት መንገድ ከሆነ፣ ባንኩ የሚያየው ዕቃውን ሳይሆን ሰነዱን ነው። በዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ደንብ መሠረት ሰነዱን ለመመርመር እስከ አምስት የባንክ የሥራ ቀን አለው። እኛ ጋ የቤተሰብ ስም የለም፤ «ፀጋዬ» የሚለውን ስም ደግሞ በላቲን ፊደል ስንት ዓይነት አድርጎ መጻፍ ይቻላል። ፓስፖርቱ ላይ አንድ፣ ንግድ ፈቃዱ ላይ ሌላ፣ ኢንቮይሱ ላይ ሦስተኛ ሆኖ ሲገኝ ባንኩ ይጠይቃል፣ ክፍያው ይጓተታል። አንዱን አጻጻፍ መርጦ በሁሉም ላይ እሱን ብቻ መጠቀም ነው።

ትልልቆቹም በዚህ ይሳሳታሉ። ዎልማርት የሚባለው የአሜሪካ የሱፐርማርኬት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1997 ጀርመን ገብቶ በ2006 ሱቆቹን ለተፎካካሪው ለሜትሮ ሸጦ ወጣ። ኪሳራው ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በር ላይ ቆሞ ፈገግ እያለ የሚቀበል ሠራተኛ፣ የገዛኸውን ከረጢት ውስጥ የሚከትልህ ሰው ለጀርመኖች ምቾት አልሰጣቸውም። ታሪኩ የሚተረከው እንደ ባህል ግጭት ነው። ግን ዎልማርት በዋጋ አልዲን ከመሰሉ የጀርመን ርካሽ ሱቆች መርከስ አልቻለም፣ ከአገሩ የሠራተኛ ሕግና ማኅበራትም ጋር ተጋጭቷል። ፈገግታው ብቻውን ቢሊዮን አይበላም።

ታዲያ «ጀርመን እንዲህ ነው» የሚለው ዝርዝር ይሠራል?

ለመነሻ ያህል ይሠራል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሆፍስቴድ አገሮችን በቁጥር ያስቀመጠው አይ ቢ ኤም በሚባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኞች መካከል እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1973 ከተሰበሰበ መጠይቅ ተነስቶ ነው። ከ100 ሺህ በላይ መጠይቅ ነበር፤ ቀላል ሥራ አይደለም። ኢትዮጵያ ግን ለብቻዋ አልተቆጠረችም። ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር «ምሥራቅ አፍሪካ» ተብላ አንድ ቁጥር ተሰጥቷታል። ስለዚህ አንድ የውጭ ገዢ «ኢትዮጵያውያን እንዲህ ናቸው» የሚል ሠንጠረዥ ይዞ ሲመጣ ከጀርባው ያለው የአራት አገር የአይ ቢ ኤም ሠራተኛ አማካይ ሊሆን ይችላል። የመተማ ገበሬ እዚያ ውስጥ የለም። የጎንደር ነጋዴም የለም።

እኛ ስለነሱ የያዝነውም እንደዚያው ነው። ሐምቡርግ ያለው ገዢህ ቱርካዊ አባት ያለው ጀርመናዊ ሊሆን ይችላል። ቶኪዮ ያለችው ሴት አሜሪካ ተምራ የመጣችና ከአንተ በላይ የምትቸኩል ልትሆን ትችላለች። አማካዩ የሚጠቅመው ምን መጠየቅ እንዳለብህ ሲያሳይህ ነው። «ውሳኔው ስንት ጊዜ ይወስዳል? ማን ማን ያየዋል? የላክሁት ዋጋ ላይ ትከራከራላችሁ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል።

መሀል ላይ የሚቆመው ሰውስ?

ጎንደር ይህን ሥራ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ኾጃ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ ከአፄ ፋሲል ዘመን ጀምሮ የጎንደር ነገሥታት መልእክተኛ ሆኖ አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ1660ዎቹ ሕንድ ድረስ ሄዶ ከሞጎሉ ንጉሥ ከአውራንግዜብ ዘንድ ቀርቧል። በኋላም የደች የንግድ ኩባንያ ወደነበረባት ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ፣ ተመላልሷል። ነገሥታቱ ያን ሁሉ መንገድ ነጋዴ የላኩት ያለ ነገር አይመስለኝም። ወደቡንም፣ የዕቃውንም ዋጋ፣ የሰዉንም ጠባይ የሚያውቅ እሱ ነበር።

ዛሬ ያ ቦታ የተያዘው በእህት ልጅ ነው፣ ወይም ለአንድ ቀን በተጠራ አስጎብኚ። እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ፋሲል ግንብን ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል። ግን «እርጥበት ስንት በመቶ» ሲባል፣ «ሲ ኤ ዲ ይሁን ኤል ሲ» ሲባል፣ ማለትም ገዢው ሰነዱን ሲረከብ ይክፈል ወይስ ባንክ ቃል ይግባ ሲባል፣ ይደናገራል። ይባስ ብሎ ጋሼ ሲቆጡ አለስልሶ ይተረጉመዋል፣ ፈረንጁ ሲደርቅ አጣፍጦ ያቀርበዋል። ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። የተስማሙት ግን በተለያየ ነገር ነው።

ይህን ልጅ ለመርዳት ብዙ ወጪ አያስፈልግም። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ቁጥሮቹ በሙሉ በወረቀት ይሰጡት፦ ቶን፣ ንጽህና፣ እርጥበት፣ ዋጋ፣ ወደብ፣ ቀን። «የከፋም ነገር ቢሆን እንዳለ ንገረኝ» ይባል፣ ጋሼ ራሳቸው ይበሉት። አጭር አጭር ይነገር። ተረትና ምሳሌ ይቅር፤ ከዚያ ማዶ ያለውም ሰው እንግሊዝኛን የተማረው እንደኛ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ልጁ የተባለውን በአንድ ገጽ ጽፎ ይላክ፦ ምን ተስማማን፣ ምን ቀረ፣ ማን እስከ መቼ ይመልሳል። መጨረሻው ላይ «የተሳሳትኩት ካለ እስከ ረቡዕ አርሙልኝ» የሚል መስመር ይግባ። ረቡዕ ማረሚያ ከመጣ ጎሽ። ካልመጣ ደውሎ ነጥብ በነጥብ ማንበብ ነው፤ መኪናው የሚከራየው ከዚያ በኋላ ነው።